የእትዬ ወንበር

ወንበር አልባሿ ለአባቷ አንድ ጥያቄ ነበራት። በወጣትነቷ አንዴ ጠይቃው መልስ የማይባል መልስ ሰጥቷት ነበር፤ ደግማ ልትጠይቀው ደግሞ አፏ እምቢ አላት። ሰው ለመንገደኛ የሚያወራውን ለገዛ አባቱ መናገር ያቅተው የለ? ዛሬ እጠይቀዋለሁ፣ ነገ እጠይቀዋለሁ ስትል የእሷ ፀጉር ሸበተ፣ እሱም አረጀ። ማርጀቱስ ባልከፋ፤ መርሳት አመጣ። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጠበትን ረሳ፣ ቀጥሎ ምሳ መብላቱን ረሳ፣ በመጨረሻም እሷን ራሷን ረሳት።

አሁን «እርስዎ» ነው የሚላት። ጠዋት ሻይና ዳቦ ስታቀርብለት ከመቀመጫው ብድግ ይልና «አስቸገርኩዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል። አንዳንዴ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ቤት የማን ነው? ባለቤቶቹ እዚህ መሆኔን ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃታል። «ያውቃሉ አባዬ፣ አይዞህ ተጫወት» ትለዋለች። እሱን ስትመልስለት ሳቅ ይመጣባታል፤ ማድቤት ስትገባ ያው ሳቅ ለቅሶ ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄዋ ይቺ ነበረች፤ እናቴ የሞተች ቀን ለምን ፈቃድ ጠይቀህ አልመጣህም? መልሱ ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቱ ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ ክፍሉን እየዘጋ ነው። እሱ ሳይነግራት ከተዘጋ ማንም አይነግራትም።

ነገሩ እንዲገባ ከመኪናዋ መጀመር ግድ ነው።

አባቷ ሹፌር ነበር። በላይኛው ሰፈር ሰፊ ግቢ ያላቸው አንዲት ባለጸጋ ባልቴት ዘንድ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ሴትዮዋን በስማቸው የሚጠራ አልነበረም፤ ከዘበኛው እስከ ወጥ ሠሪዋ ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል። እትዬ ካዲላክ ነበረቻቸው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ ከኋላ ሁለት ክንፍ ያወጣች፣ በየክንፏ ጫፍ ቀያይ መብራት የተሰካባት፣ ልጅ ከአፍንጫዋ ተነስቶ ጅራቷ እስኪደርስ ትንፋሽ የሚያጥረው መኪና ናት። ኒኬሏ ላይ ፊቱን ያየ ሰው አፉ ጆሮው ደርሶ ያገኘዋል። መንገድ ላይ ስታልፍ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ኳሱን ይተዉና ጥግ ይዘው ይቆሙላት ነበር።

ቤተሰቡ «የኛ መኪና» ነበር የሚላት። መኪናዋ አፍንጫዋን እንኳ ልታስገባ በማትችልበት ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው፣ ዝናብ ሲጥል ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን በባልዲ እየተቀበሉ፣ «የኛ መኪና ዛሬ ዘይት ቀየረች» ይባባላሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ያም ሆኖ ደስ ይላቸው ነበር፤ ደስታን ደግሞ ማን ይጠላል።

በዚያ ዘመን ትልልቅ ሰው ሁሉ የሚሄደው በአሜሪካ መኪና ነው። ሊንከን አለ፣ ቢዩክ አለ፣ ክራይስለር አለ። አባቷ ሁሉንም እንደ ጎረቤት ሴት ነበር የሚያማቸው። «ሊንከኗ መልክ አላት፤ ሆዷ ግን አይጠግብም፣ ቤንዚን ስትጠጣ ውላ ብታድር አትረካም» ይላል እግሩን እየታጠበ። «ቢዩኳ ደግሞ ደህና ልጅ ነበረች፣ ዳገት ስታይ ነው የምታለቅሰው።»

«ካዲላክስ?» ትለዋለች ልጅቷ፣ መልሱን እያወቀችው።

«ካዲላክማ ጨዋ ናት። ጨዋ ሲመጣ ኮቴው አይሰማም።»

«ክራይስለርስ? የሐኪሙ ክራይስለርስ? በሯ ሲዘጋ ለምን ታንኳኳለች? እትዬ ክራይስለር ቢገዙ እኛ ምን እንሆናለን?» እያለች ትቀጥላለች። አፏ አያርፍም ነበር። ስለዚህ ነው አባቷ ቃጭል ያላት፤ ሲያቆላምጣት ቃጭሌ ይላታል። ከእንቅልፏ ከነቃችበት ጀምሮ ማታ ዓይኗ እስኪከደን ስለምትቃጭል እናቷ «ይቺን ልጅ አንድ ቀን ዝም ስትል ባየሁ» ትል ነበር። ሰው የሚመኘውን አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት የመኪናዋ መታጠቢያ ነው። አባቷ ልጅቷን ይዟት ወደ እትዬ ግቢ ይሄዳል። እጅጌውን ይሰበስብና ከጣሪያው ይጀምራል፤ ከታች የጀመረ አጣቢ መኪና አያውቅም ባይ ነው። ውሃውን በለስላሳ ቆዳ ያደርቃል፣ ኒኬሉን በደረቅ ጨርቅ ይፈትጋል፣ ጎማውን ሳይቀር ጎንበስ ብሎ በብሩሽ ይፈትጋል። ሁሉ ካለቀ በኋላ የልጅቷን ጫማ ያስወልቅና እግሯን በቀረው ውሃ ያጥብላታል። ከዚያ ከደረት ኪሱ መሐረቡን አውጥቶ የኋላውን የቀኝ በር እጀታ ይወለውላል፣ በሩን ይከፍትላታል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚያ ቦታ የሚቀመጡት እትዬ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቃጭል ትቀመጥበታለች።

ቆዳው ይሸታል፤ ያ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዋ አልወጣም። ከመቀመጫው መሐል ተጎትቶ የሚወርድ የክንድ ማሳረፊያ አለ፤ እሱን ታወርድና ክንዷን ትጥልበታለች፣ እግሯ ግን ወለሉን አይነካም። አባቷ ቆቡን አድርጎ መሪው ጋ ይቀመጣል። ዞሮ አያያትም። ሹፌር ዞሮ አያይም፤ ሰው ኋላ ተቀምጦ አንገቱን የሚያጣምም ሹፌር ሥራውን አያውቅም ይላል። መስታወቱን ነካ ያደርግና በመስታወቱ ዓይኗን ይፈልጋል።

«ወዴት ነን እትዬ?»

«ዝም ብለህ ንዳ» ትለዋለች፣ የእትዬን ድምፅ በአፍንጫዋ እያስመሰለች።

ይስቃል፤ ቆቡ እስኪወድቅ ይስቃል። ከዚያ ሞተር ሳያስነሳ ይነዳል። ማርሽ ይቀይራል፣ መሪ ያዞራል፣ «ይሄ ባለጌ ብስክሌት» ብሎ ፍሬን ይይዛል፣ በመስታወቱ ይጠቅሳታል። ልጅቷ የአባቷን ዓይን በዚያች መስታወት ያየችውን ያህል ፊት ለፊት አይታው አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጫማዋን ማውለቅ ተረሳ። የጫማው ዘለበት የእትዬን ወንበር ጫፍ ላይ ያዘውና ቆዳውን ቀደደው። የአባቷ ፊት አመድ መሰለ። በሩጫ ወደ ቤት ሄዶ እናቷን ከነመርፌዋ አመጣት። እናቷ ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። መኪናው ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ክሩን በሰም አሽታ፣ የራሷ በሆነ አሰፋፍ፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም ከሥር እያደረገች ገጠመችው። እትዬ ሰኞ ተቀመጡበት፣ ከዚያም ዓመታት ተቀመጡበት፣ ነገሩን ሳያውቁት ቀሩ። እናትየው ያቺ መኪና ውስጥ የገባችው በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም በጉልበቷ።

ከዚያ ታመመች። ብርድ ነው ተባለ፣ ሳል ነው ተባለ፤ ለካ ሳንባዋ ኖሯል። እትዬ የእህታቸውን ልጅ በሚድሩበት ቀን ጠዋት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። አባትየው ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ግንባሯን ነካ፣ እንደገና በሩ ላይ ቆመ። «ሂድ ይልቅ፣ ይቆጡሃል» አለችው ሚስቱ።

«ቃጭሌ፣ እያወራሽ አጫውቻት፤ ቶሎ እመጣለሁ» አለና ሄደ።

ቃጭል አወራች። የምታውቀውን ተረት ጨረሰች፣ ስለ ሊንከኗ አወራች፣ ስለ ቢዩኳ አወራች፣ ወሬ ሲያልቅባት ከመጀመሪያው ጀመረች። ቀትር ካለፈ በኋላ እናቷ «እህ» ማለቱን ተወች፤ ቃጭልም አፏን ዘጋች። ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ እጇን ከነአረፋው ይዛ ወደ ሰርጉ አዳራሽ ሮጠች፤ ተመልሳ «ነገርኩት፤ እሺ ብሏል» አለች። መኪናው ውስጥ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጦ እንዳገኘችውም ተናገረች። ልጅቷ መስኮቱ ላይ ወጥታ መንገዱን ማየት ጀመረች። አባቷ አልመጣም። እናቷ ከሰዓት ሞተች። አባቷ ሲመጣ ጨልሟል፤ ኮቱ ደረት ላይ የሰርግ አበባ ተሰክቶ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቃጭሏ ዝም እንዳለች ቀረች። ቅዳሜ ሲመጣ «አልሄድም» አለችው፤ እሱም አላስገደዳትም። ካደገች በኋላ ነው አንድ ማታ እራት ላይ ድንገት የጠየቀችው። «ልብስ አጣቢዋ ነግራህ ነበር። ለምን ጠይቀህ አልመጣህም?»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «ሹፌር አይጠይቅም» አላት።

እንዲህም ብሎ መልስ የለም። ሚስት እየሞተች ሹፌር አይጠይቅም? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ልጅቷ ይቺን ቃል ያዘቻት፣ አልለቀቀቻትም። እትዬ ንብረታቸውን ሽጠው ባሕር ማዶ ሄዱ፣ ካዲላኳም ተሸጠች፣ አባቷ የጭነት መኪና ላይ ገባ። ልጅቷ የእናቷን መርፌ አንስታ ወንበር ማልበስ ተማረች፤ የሶፋ፣ የመኪና፣ ያገኘችውን ሁሉ። አባቷ ጡረታ ሲወጣ ወደ ቤቷ ወሰደችው። አበላችው፣ አጠበችለት፣ አስታመመችው፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገረችውም። ያን ነገር ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ ቂም ይዞ ማስታመምም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ቡሎን የደወለላት።

ቡሎን የጋራዥ ባለቤት ነው። ቡሎን ያሉት አጭርና ድፍን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ካላጠበቁት ይላላል ነው የሚሉም አሉ። አሮጌ መኪና ለሚያሳድሱ ሰዎች ነው የሚሠራው፤ ወንበር ሲኖር እሷን ይጠራታል። «እታለም» አላት በስልክ፣ «አንዲት አሮጊት መጥታልኛለች። ቀሚሴ አርጅቶብኛል ትላለች፤ መጥተሽ ለኪያት።»

ሄደች። አሮጊቷ ጋራዡ መሐል በእንጨት ተደግፋ ቆማለች። ቀለሟ ተፍቆ ብረቷ አመድማ ሆኗል፣ አንዱ ክንፏ ተጨራምቷል፣ ሞተሯ ወጥቶ መሬት ላይ ሸራ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ካዲላክ መሆኗን አወቀች፤ ግን ከተማው ውስጥ ካዲላክ የነበረው ለእትዬ ብቻ አይደለም፤ ብዙም ልብ አላለችም። የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ወንበሩን በመዳፏ ትዳብስ ጀመር፤ ቆዳው የት እንደላላ፣ ስፖንጁ የት እንደሞተ እጅ ነው የሚነግራት። በቀኝ በኩል ጫፉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ከሥር።

መቀሷ ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። ደግማ ዳሰሰችው፤ ከዓይኗ ይልቅ ጣቷን ነበር የምታምነው። ሰሙ እንኳ አልለቀቀም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋው የኖረችው ያው አሰፋፍ ነው፤ በምድር ላይ ከእናቷና ከእሷ በቀር እንደዚያ የሚሰፋ አይታ አታውቅም።

«ምነው እታለም፣ አይጥ አለበት?» አለ ቡሎን ከውጭ።

«እናቴ ናት» አለችው።

ቡሎን ቀልዱ ከአፉ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ሴትዮዋ መኪናው ወለል ላይ ተንበርክካ ጉንጯን ወንበሩ ላይ አስደግፋለች። ውሃ አመጣላት፤ እሷም የሚነገረውን ነገረችው። ሲጨርሱ አንድ ነገር ለመነችው። «አባቴን ነገ ላምጣው? መሪውን ሲጨብጥ ቢመለስልኝ ብዬ ነው። ደቂቃ ትበቃኛለች፤ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ።»

«የትም አትሄድም እኮ እታለም። ሞተሯ ይኸው።»

«የትም እንድትሄድ አልፈልግም» አለችው።

በማግስቱ ከሰዓት ኮቱን አልብሳ፣ ጫማውን ጠርጋ፣ በታክሲ ወሰደችው። የት እንደሚሄዱ አልጠየቃትም፤ እሱ አሁን ከማንም ጋር የትም ይሄዳል። መንገድ ላይ ግን ባለታክሲውን «ፍሬንህ ያፏጫል ልጄ፣ አሳየው» አለው። ልጁን የረሳ ሰው ፍሬን አልረሳም። ወንበር አልባሿ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንዲያው ቅናት ነገር ተሰማት፣ በፍሬን ይቀናል ወይ እያለች ራሷን ታዘበች።

ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ካዲላኳን አያት፤ አመድማ ሆና፣ በእንጨት ተደግፋ። ቀስ እያለ ተጠጋትና ከደረት ኪሱ መሐረቡን አወጣ። የኋላውን የቀኝ በር እጀታ ወለወለ። በሩን ከፈተና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጎብጦ የነበረው ወገቡ እንዴት እንደተቃና እሷ አልገባትም።

ለእሷ ነው የከፈተላት። ቅዳሜ ከሰዓት ነው! አወቀኝ፣ ሊጫወትልኝ ነው አለች በልቧ። አጠገቡ፣ ከፊት ልትቀመጥ ነበር ያሰበችው፤ እዚያ ተቀምጣ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ልትጠይቀው። እግሯ ግን የለመደው ያንን በር ነው። ጫማዋን አወለቀች፣ በእጇ ይዛ ገባች፣ በእትዬ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩን በቀስታ ዘጋላት። ዞሮ መሪው ጋ ገባ፣ መስታወቱን ነካ አደረገ፤ ዓይኑ መስታወቱ ውስጥ መጣ።

«ወዴት ነን እትዬ?»

እንባዋ ቀደማት። «ዝም ብለህ ንዳ» አለችው፣ እንደ ድሮው በአፍንጫዋ።

ሳቁን ጠበቀች። አልሳቀም። መስታወቱ ውስጥ ያለው ዓይን የሚጫወት ሰው ዓይን አልነበረም፤ የፈራ ሰው ዓይን ነው።

«እትዬ» አለ። «እንዳይቆጡኝ። ጠዋት ስንወጣ ጠይቄዎት እምቢ አሉኝ፤ እሺ ብዬ ዝም አልኩ። ቅድም ደግሞ ያቺ ልብስ አጣቢ መጥታ ስትነግረኝ ብሶብኝ አዳራሹ ውስጥ ገብቼ በሰው ፊት ጠየቅኩዎት። ተቆጡኝ፤ ልክ ነዎት፣ በሰው ፊት አይጠየቅም። አሁን ብቻዎን ስለሆኑ ነው። ሦስተኛዬ ነው፣ ድፍረት አይሁንብኝ። ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው።»

ወንበር አልባሿ የያዘችውን ጫማ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጠይቋል። ጠዋት ጠይቋል፣ አዳራሽ ገብቶ እንግዳ ሁሉ እያየው ጠይቋል። ይሄን ሁሉ ዘመን በሆዷ ይዛ የዞረችው ሰው፣ ያ መሪ ጨብጦ የተቀመጠው ሰው፣ ተለምኖ አልነበረም እምቢ ያለው፤ ለምኖ ነበር እምቢ የተባለው።

«ልጅቷ ብቻዋን ናት ከእናቷ ጋር» አለ አባቷ። «ሕፃን ናት እኮ። ቃጭል ነው የምንላት፤ አፏ አያርፍም። ልብስ አጣቢዋ ዛሬ ዝም ብላለች ትለኛለች። እሷ ዝም አትልም ነበር እትዬ።»

አባዬ እኔ ነኝ፣ ቃጭል እኔ ነኝ ልትለው ፈለገች። አፏን ከፈተች። አየር እንጂ ድምፅ አልወጣም። አባቷ በመስታወቱ ሲጠብቅ ቆየ፤ ቆየና ዓይኑን ሰበረ።

«ገባኝ እትዬ» አለ። «ሙሽሮቹ እስኪወጡ እጠብቃለሁ።» መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ዝምታዋን እምቢታ አድርጎ ቆጠረው። ልብስ አጣቢዋ ያየችው ይሄንን ነው፤ መስኮት ላይ ተንጠልጥላ መንገድ መንገዱን ስታይ የነበረች ልጅ ያላየችው ይሄንን ነው። አሁን ልጅህ ነኝ ብትለው ዞሮ ያያትና አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ያገኛል፤ «ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» ይላታል። ያን ጊዜ ሚስቱም ትሞታለች፣ እሱም ሳይሄድ ይቀራል። ይቺን ደግሞ አልፈቀደችም።

«ሂድ» አለችው።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«ሂድ አልኩህ። አሁኑኑ ሂድ። መኪናዋንም ይዘህ ሂድ።»

«መኪናዋን?» አለ። ፈራ። «እርስዎስ በምን ይመለሳሉ?»

«የኔን ተወው። ሰው እየሞተ ነው እኮ፤ የምን መቆም ነው» አለችው። የእትዬን ድምፅ ማስመሰሉን ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ግን እሱ ድምፅ የሚለይበት ሰዓት አልነበረም።

ማርሽ አስገባ። ሞተሯ መሬት ላይ ሸራ ላይ ተቀምጦ፣ ካዲላኳ ተነሳች። ቀኝ ዞረ፤ ከአዳራሹ መውጫ ነው። ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ግራ አጠፈ። እያንዳንዷን መታጠፊያ አወቀቻት፤ የቤታቸው መንገድ ናት። ድልድዩ ላይ ፍጥነት ቀነሰ፣ ካለፈ በኋላ እንደገና ረገጠ። «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ ልጆች» አለ በጥርሱ። ቡሎን የዘይት ጨርቁን እንደያዘ ሥራውን አቁሟል፤ ሬዲዮውን ዘጋው። አባቷ ፍሬን ያዘ፤ ጠባቡ መንገድ አፍ ላይ፣ መኪና የማያስገባው ቦታ ደርሷል። በሩን ከፍቶ ወጣ፤ በዕድሜው የመኪና በር ክፍት ትቶ የማያውቅ ሰው ክፍቱን ትቶት ሄደ። ሮጠ። ጉልበቱ እሺ አላለውም እንጂ ሩጫ ነበር።

በባዶ እግሯ ተከተለችው። ጋራዡ ጥግ ላይ ያለችው የዕቃ ቤቷ የብረት በር ጋ ደርሶ ቆሟል። እጁን ለማንኳኳት አንስቶ መልሶ አወረደው።

«ደረስኩ?» አለ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያይ።

«ደርሰሃል» አለችው።

«አለች?»

«አለች። አንተን ነው የምትጠብቀው።»

ቡሎን ቀደም ብሎ በሩን ከፈተላቸው። ውስጡ ጎማ ነው፣ የዘይት ጣሳ ነው፣ ጥጉ ላይ ቡሎን ምሳ በልቶ ጎኑን የሚያሳርፍበት አልጋ አለ። አባቷ ቆቡን አወለቀ፤ ቆብ እንኳ አላደረገም ነበር፣ እጁ ግን አወለቀ። ከአልጋው አጠገብ ጎማ ላይ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። ባዶ አልጋ ነው። እጁ አየር ላይ ሲፈልግ ማየት አልቻለችም፤ ሄዳ አልጋው ላይ ተቀመጠችና እጇን ሰጠችው።

በሁለት እጁ ያዘው። አውራ ጣቱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ መርፌ የሚገፋው ጣቷ ጫፍ፣ እንደ ጥፍር የጠጠረው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«መርፌው ጣትሽን ጨረሰው» አላት።

ከስንት ጊዜ በኋላ «አንቺ» አላት፤ እሷን ግን አይደለም።

«መጣሁ» አለ። «እትዬ ፈቀዱልኝ። ክፉ አይደሉም፤ በሦስተኛው ፈቀዱልኝ።»

«ጥሩ አደረግህ» አለችው። እንባዋ እጁ ላይ ይወርዳል፤ እሱ የታማሚ ላብ መሰለው መሰለኝ፣ በመሐረቡ ጠረገላት።

«ለቃጭል ግን እንዳትነግሪያት።»

«ምኑን?»

«ሁለቴ እምቢ መባሌን። አባቷ በሰው ፊት ለምኖ መመለሱን አትወቅብኝ። ቅዳሜ ያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይተሻት አታውቂም አንቺ፤ ዓለም የሷ ነው የሚመስላት። ይሄን ከሰማች እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጥም።» እጇን ወደ ራሱ ሳበው። «ብትጠይቀኝ እንኳ፣ ሹፌር አይጠይቅም እላታለሁ። አንቺም እንዳትነግሪያት።»

«አልነግራትም» አለችው።